«ቀደር ነው» ከማለታችን በፊት ሰበቡን እናድርስ



የፈላ ጀበና ተደፍቶበት ወይም የሾርባ ድስት ተገልብጦበት ሕፃን ተቃጠለ ሲባል ብዙዎቻችን ቀድመን የምንናገረው ቃል «ቀደር ነው» የሚለው ነው። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ መሆኑ አያጠያይቅም። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ሐዘንተኛን ማጽናኛ መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ መዝጊያ ሲሆን ነው። ጀበናው የት ተቀምጦ ነበር? ልጁስ ማን ጋ ነበር? ሳንባባል እንለያያለን። በማግሥቱ ጀበናው እዚያው ቦታ ይጣዳል፤ ሌላ ሕፃንም እዚያው ይድሃል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን ያስተማሩን እንዲህ አይደለም። ግመሉን አስሮ ይመካ ወይስ ፈትቶ ይመካ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው፣ አስቀድሞ እንዲያስራት ከዚያም በአላህ እንዲመካ እንደነገሩት ቲርሚዚ ዘግበዋል። ስለ እሳት ደግሞ ይበልጥ ቀጥተኛ ትምህርት አለን። በመዲና አንድ ቤት ሌሊት ከነነዋሪዎቹ መቃጠሉ ሲነገራቸው፣ እሳት ጠላታችን መሆኑን ገልጸው ከመተኛታችን በፊት እንድናጠፋው ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ በሉ! በአንድ ቤት የደረሰው አደጋ ለቤቶች ሁሉ ትምህርት ሆነ። ዛሬ የጎደለን ይህ ነው።

የጉዳት መከላከል ሳይንስም ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቃል። በዚህ ዘርፍ ስማቸው የሚነሣው አሜሪካዊው ሐኪም ዊልያም ሀደን እ.ኤ.አ. በ1966 የአገራቸው የአውራ ጎዳና ደህንነት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ነበሩ። እሳቸው ጉዳትን ከመድረሱ በፊት፣ በሚደርስበት ቅጽበትና ከደረሰ በኋላ ብለው በ3 ከፍለው ያጠኑት ነበር። ይህንኑ መንገድ ይዘን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

ከመድረሱ በፊት፦ የከሰል ምድጃችንና ረከቦታችን ያሉት መሬት ላይ ነው፤ ማለትም በሚድህ ልጅ እጅ ልክ። ምድጃውን ከፍ ባለና በማይነቃነቅ ነገር ላይ ማስቀመጥ፣ ካልሆነም ቡናው እስኪያልቅ ሕፃኑን የሚይዝ ሰው መመደብ ይቻላል። የመጥበሻ እጀታ ወደ ግድግዳ ይዙር። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛውን ውሃ አስቀድመን እንጨምር፤ ትኩሱ ይከተል። በተለይ በረመዳን ከመግሪብ በፊት ያለችውን ሰዓት አስቡ። ሾርባው ይፈላል፣ ሳምቡሳው በዘይት ይጠበሳል፣ እናት ጾመኛና ደካማ ናት፣ ልጆች እግሯ ሥር ይሯሯጣሉ። በዚያች ሰዓት አባት ልጆቹን ይዞ ቢወጣ ከትልቅ እርዳታ ይቆጠራል።

በሚደርስበት ቅጽበት፦ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ የአዋቂን ቆዳ በ5 ሰከንድ ገደማ በጥልቀት ያቃጥላል። የሕፃን ቆዳ ስስ ስለሆነ ከዚያም ባነሰ ጊዜ ይቃጠላል። ገና የወረደ ጀበና ደግሞ ከዚህ እጅግ የጋለ ነው። ስለዚህ «ዓይኔን ለአፍታ ነው የነቀልኩት» የምትለው እናት እውነቷን ነው። ያቺ አፍታ በቂ ናት። ትኩረት ብቻውን የማያድነውም ለዚህ ነው፤ መለወጥ ያለበት የዕቃው አቀማመጥ ነው።

ከደረሰ በኋላ፦ ልብሱን ቶሎ አውልቁ፤ ቆዳው ላይ ከተጣበቀ ግን አትጎትቱት። ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ አቀዝቅዙ። ቧንቧ ከሌለ በጣሳ ደጋግማችሁ አፍስሱ። ሌላው የሕፃኑ አካል እንዳይበርደው ሸፍኑት። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላልም ሆነ በረዶ አታድርጉ፤ ውሃ የቋጠረውንም አታፍርጡ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑና፣ ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከሰፋ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ብልት ላይ ከሆነ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከሞት የተረፈውም ጠባሳውንና የተጨማደደ እጁን ይዞ ያድጋል።

በዚሁ ዓይን ሁለት ነገሮችን ጨምረን እንመልከት። አንደኛው በረኪናንና ነጭ ጋዝን በውሃ ወይም በለስላሳ ጠርሙስ የማስቀመጥ ልማዳችን ነው። የተጠማ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ ውስጡን አይለይም። በራሱ ዕቃ፣ ተከድኖ፣ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ልጅ ከጠጣ እንዲያስታውክ አታስገድዱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ። ሁለተኛው በብርድ ጊዜ ከሰል አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ነው። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ቢያልቅም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ መውጣቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ከመተኛት በፊት እሳት እንድናጠፋ የታዘዝነውን ያህል ለዚህ የሚስማማ ምክር የት ይገኛል?

«ድሃ ነን፣ ቤታችን አንድ ክፍል ናት» የሚሉ ይኖራሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጠባብ ቤት አደጋን ያቀርባል። ሆኖም ከላይ ከተዘረዘሩት አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁም። ለምድጃ ማስቀመጫ የሚወጣው ገንዘብም ከሕክምናው ጋር አይወዳደርም። ይልቅ መተው ያለብን አደጋ በደረሰ ቁጥር እናትን ብቻ መውቀስ ነው። ቤቱ የሁለቱም አማና ነው፤ ምድጃውን ከፍ ማድረግም የአባት ሥራ ሊሆን ይችላል።

የመስጂድ ኢማሞቻችንና የሴቶች ሐለቃ አስተማሪዎችም ረመዳን ከመግባቱ በፊት 10 ደቂቃ ለዚህ ቢሰጡ ከዳዕዋው የሚጎድል ነገር የለም። እንቅፋትን ከመንገድ ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች ከተቆጠረ፣ የፈላውን ጀበና ከልጅ መንገድ ማንሣትስ?

ዛሬ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ነገር ሞክሩ። ቤታችሁ መሬት ላይ በልጃችሁ ቁመት ልክ ተቀመጡና ዙሪያውን ተመልከቱ። እጃችሁ የሚደርስበትን ትኩስና መርዛማ ነገር ሁሉ አንሡ። ከዚያም በአላህ ተመኩ።

አላህ ልጆቻችንን ከክፉ ሁሉ ይጠብቅልን። አሚን።