ለንጉሡ ማን ይንገር?



በዚህ ወር ወደ ስዊድን ዋና ከተማ ወደ ስቶክሆልም ይዣችሁ እሄዳለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከነቤተሰቡ የሚኖረው እዚያ ነው። የሄድኩት በአውሮፓውያን ታኅሣሥ መገባደጃ ስለነበር ከሁሉ በፊት ያስገረመኝ የቀኑ ማጠር ነው። ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ሲሆን ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ዙህር፣ ዐስርና መግሪብ በሦስት ሰዓት ያህል ውስጥ ይከታተላሉ። ሶላቱን «ቆይ፣ እደርሳለሁ» እያለ ለሚያዘገይ ሰው የስቶክሆልም ብርድ ወራት ፋታ አይሰጡም።

ወንድሜ አውቶቡስ ነጂ ነው። ገና በጨለማ ወደ ሥራ ስለሚወጣ፣ ከተማውን እንዲያሳየኝ ትምህርት ቤቱ የተዘጋለትን የ15 ዓመት ልጁን መደበልኝ። «ዶክተራችን ያስጎበኝሃል» ብሎኝ ሄደ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ልጁን የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ስቶክሆልም በ14 ደሴቶች ላይ የተሠራች፣ በድልድይ የተያያዘች ከተማ ናት። «ጋምላ ስታን» በሚባለው አሮጌ ሰፈር ጠባብ የድንጋይ መንገዶች ጥቂት ተዘዋውረን፣ ቤተ መንግሥቱን ከውጭ አይተን በጀልባ ተሻገርንና ቫሳ ሙዚየም ገባን።

ሙዚየሙ የተሠራው ለአንዲት መርከብ ነው። ርዝመቷ 69 ሜትር ሲሆን በመቶዎች በሚቆጠሩ የእንጨት ቅርጻ ቅርጾች አጊጣለች። ንጉሥ ዳግማዊ ጉስታቭ አዶልፍ ከፖላንድ ጋር በሚዋጉበት ዘመን ያሠሯት፣ 64 መድፎች የተጫኑባት የጦር መርከብ ነበረች። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 10 ቀን 1628 ሕዝብ ቆሞ እያያት የመጀመሪያ ጉዞዋን ጀመረች። 1,300 ሜትር ያህል እንደሄደች ነፋስ አዘነበላት፤ ለመድፎቹ በተከፈቱት መስኮቶች ውኃ ገባባትና ሰጠመች። 30 ያህል ሰዎች አለቁ። ከባሕሩ ወለል የወጣችው ከ333 ዓመት በኋላ በ1961 ነው።

ጽሑፉን እያነበበ የሚተረጉምልኝ ልጁ ነበር። አንድ ቦታ ሲደርስ ድምፁ ዝግ አለ። መርከቧ ከመነሳቷ በፊት 30 ሰዎች ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እየሮጡ ሚዛኗን ፈትነው ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሮጡ ክፉኛ ስለተወዛወዘች አድሚራሉ ሙከራውን አስቆሙት። ሆኖም ንጉሡ ከጦር ሜዳ ሆነው ያጣድፉ ስለነበር ጉዞው አልቀረም። በኋላ ምርመራ ቢደረግም ጥፋተኛ ተብሎ የተቀጣ ሰው አልነበረም።

«አጎቴ፣ ያውቁ ነበር እኮ!» አለኝ። ጥቂት ቆይቶም «እኔም ለአባዬ ያልነገርኩት ነገር አለ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በስዊድን ልጆች 9ኛ ክፍል ሲደርሱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ዘርፋቸውን ይመርጣሉ። አባቱ የተፈጥሮ ሳይንስ እንዲገባ ወስኗል፤ ልጁ የሚፈልገው ግን የኤሌክትሪክ ሙያ ነው። ማመልከቻው የሚገባበት ቀን ደግሞ ተቃርቧል። «አባዬ በሌሊት የሚነሳው ለእኛ ብሎ ነው። እንዴት አድርጌ ልንገረው?» አለኝ።

ከሙዚየሙ ወጥተን ወደ ስቶክሆልም መስጊድ አመራን። ሕንፃው ፈርዲናንድ ቦበሪ የተባለ አርክቴክት በኢስላማዊ የሕንፃ ጥበብ ተማርኮ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1903 የተከፈተ የኤሌክትሪክ ኃይል ጣቢያ ነበር። በ2000 መስጊድ ሆነ። ልጁ ይህን ሲነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

ዐስር ሰግደን መግሪብን ስንጠብቅ የሰልማን አል-ፋሪሲን (ረ.ዐ.) ታሪክ አነሳሁለት። ከዚያች መርከብ አንድ ሺህ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ627፣ ጠላት ወደ መዲና ሲገሰግስ ኸንደቅ እንዲቆፈር ሐሳብ ያቀረበው ከሩቅ አገር የመጣው ሰልማን ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሐሳቡን ተቀበሉ፤ ከሰሓቦቻቸውም ጋር አብረው ቆፈሩ። ወሕይ የሚወርድላቸው ነቢይ ምክር ከሰሙ፣ እኛ አባቶች ማን ነንና ነው ጆሯችንን የምንዘጋው?

ወንድሜ ለመግሪብ ደረሰ። ሶላቱ አልቆ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጥን ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ በአደብ ሁሉንም ነገረው። ወንድሜ ዝም አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ጋሼ፣ አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ዛሬ ነው የሰማሁት» አልኩት።

ልጁን አየውና «ትፈራኛለህ እንዴ?» አለው። ልጁ አልመለሰም። መልሱ ግን ለሁላችንም ገብቶናል።

በዚያ ምሽት ወንድሜ አልፈቀደም፤ አልከለከለምም። «ነገ ሦስታችንም ተቀምጠን እንነጋገራለን» አለ። እራት ሲቀርብ ግን ልጁን «ዶክተሩ» ሳይል በስሙ ጠራው።

ውድ ወላጆች፣ ቤታችን ሰላም የሚመስለን ሁሉም ስለተስማማ ነው ወይስ የሚናገር ስለጠፋ? ወጣቶችም ሆይ፣ ለወላጅ እውነቱን በአደብ መንገር ከክብሩ አይቀንስም፤ ዲናችን ነሲሓ ነውና። መርከቧ ከመነሳቷ በፊት እንነጋገር። አላህ (ሱ.ወ.) ቤታችንን የመመካከሪያ ቤት ያድርግልን፤ አሚን።