በሩ ሲዘጋ ውስጥ የሚቀረው ማን ነው?

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት ድምጻዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ መንገድ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ኢንተርኔቱ ለሳምንታት አልተመለሰም። ያን ቀን ማለዳ ሥራ ገብቶ ለነበረ ሰው ጥያቄው አንድ ነበር፦ ልውጣ ወይስ እዚሁ ልቆይ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቶ የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ስንት አለ? ለሥራዬ ብዙ ቢሮ እገባለሁ። ደህና የሚባለው ግድግዳው ላይ የእሳት ማጥፊያ ሰቅሏል፣ «መውጫ» የሚል ምልክትም ለጥፏል። አደጋ ሲባል የሚታሰበን መውጣት ብቻ ነው። ውጭው ከውስጡ የከፋ ሲሆንስ? ተኩስ፣ የተዘጋ መንገድ፣ የክረምት ጎርፍ ሲመጣ ሠራተኛው የሚተርፈው ውስጥ በመቆየቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአፋሩ የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሲሰማም የባለሙያዎች ምክር ንዝረቱ እስኪቆም በደረጃ አትሩጡ፣ ጠረጴዛ ሥር ግቡ የሚል ነበር።

ዝግጅቱ ውድ አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ገደማ ውሃ ይመከራል፤ ግማሹ ለመጠጥ፣ ግማሹ ለሌላው። 30 ሠራተኛ ላለው ቢሮ 120 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው። ምግቡንም አገራችን ድሮ ፈትታዋለች፦ በሶና ቆሎ እሳት አይፈልጉም፣ ቶሎም አይበላሹም። የእጅ ባትሪ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ሳጥን፣ የሞላ ፓወር ባንክ ይጨመር። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሠራተኛ የአንድ ቀን መጠባበቂያ ከእሱ ጋር እንዲይዝ ይነገረው። የቤተሰብ ስልክ ቁጥሮች ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ያለ ዝርዝር ኢንተርኔት በጠፋ ቀን የለም ማለት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም አለ፦ መብራት ጠፋ ብሎ ጄኔሬተር ምድር ቤት ውስጥ ማስነሳት፣ ብርድ ነው ብሎ በተዘጋ ክፍል ከሰል ማቀጣጠል ይገድላል። የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ከዕቃው የሚከብደው ውሳኔው ነው። ማናጀሩ ከከተማ ውጭ ቢሆን «ቆዩ» ወይም «ሂዱ» የሚለው ማን ነው? ቁልፉ ማን ጋ ነው? በወሬ ተደናግጦ ሁሉንም በአንዴ ወደ ታክሲ ሰልፍ መበተን፣ ሠራተኛውን ለማያውቀው መንገድ አሳልፎ መስጠት ነው። በሌላ በኩል ሰው በግድ አይታገድም። ሕፃን ልጇን ለጎረቤት ትታ የመጣች እናት «ልሂድ» ካለች የሚታወቀው ሁሉ ተነግሯት ውሳኔው የእሷ ይሁን። በሩ ከውጭ በሰንሰለት አይቆለፍ፤ ውስጥ እሳት ቢነሳ መጠለያው ወጥመድ ይሆናል። የቀረበት ሰዓትም ከማንም ደመወዝ አይቆረጥ። ደመወዝ ይቆረጥብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ተኩስ እየሰማም ይወጣል።

አሁን ወደ ርዕሱ ልመለስ። ሌላው ሁሉ ሲሄድ ሕንፃው ውስጥ የሚቀረው ዘበኛው ነው። ጎህ ሳይቀድ ቀድማ የምትገባውም የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ብዙዎቹ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከኤጀንሲ ስለሆነ በድርጅቱ የሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ስማቸው የለም። ውሃው በዝርዝሩ ልክ ከተገዛ ለእነሱ አይደርስም። የማንኛውም ድርጅት ዕቅድ መጀመሪያ ሊመዘን የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ የተቆጠረው ደመወዝ የሚከፈለው ነው ወይስ በሩ ሲዘጋ ውስጥ ያለው?

«ይህ ሁሉ የእኛ ግዴታ ነው?» የሚል አሠሪ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን ያንብብ። የሠራተኛን ደህንነትና ጤንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይደነግጋል። ሕጉ ጀሪካን አይቆጥርም፤ መቁጠር ያለብን እኛ ነን።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ነገ ቢሮ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ውሃው የት ነው? የሚወስነው ማን ነው? ዘበኛው ተቆጥሯል?