ጀበናውን አታዘምኑብን

«ባህላዊ ስለሆነ ነው፤ መሰንጠቁ አይቀርም።» ሾላ ገበያ ሸክላ ሲገዛ ይህቺን የሚል ሰው ስንት ነው መሰላችሁ! አንዳንዱ ዋጋ ለማስቀነስ ይላታል፣ አንዳንዱ ደግሞ ያደነቀ መስሎት። ሁለቱም የሚሉት ግን አንድ ነገር ነው፦ ሸክላ ሠሪዋ የምትሠራውን አታውቅም፣ እጇ በልማድ ነው የሚሄደው።

እኔ ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ምህንድስና ተምሬ፣ የካ ክፍለ ከተማ እንጦጦን በመስኮት እያየሁ የምውለው አንድ ሲስተም ለምን እንደወደቀ በመፈለግ ነው። ሰርቨር ሲወድቅ «ዘመናዊ ስለሆነ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው አላጋጠመኝም። ሎግ ይነበባል፣ ምክንያት ይፈለጋል፣ አንድ ነገር ብቻ ተቀይሮ እንደገና ይሞከራል። ለዚህ ሥራ ደሞዝ ይከፈላል፣ ክብርም አለው። ከእኛ ሰፈር ወደ ምዕራብ፣ እዚያው እንጦጦ ግርጌ፣ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ይህንኑ ሥራ በጭቃ ይሠሩታል። የእነሱን ግን «ልማድ» ብለን እናልፈዋለን።

እስቲ ስንጥቁን እንደ ሎግ እናንብበው። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። አንዱ ወገን ፀሐይ፣ ሌላው ጥላ ካገኘው እኩል አይኮማተርም፤ መሃል ላይ ይቀደዳል። የጀበናው እጀታ ሥሩ ላይ ከተሰነጠቀ፣ እጀታውና ሆዱ ሲጣበቁ እርጥበታቸው እኩል አልነበረም። እሳት ውስጥ ከፈነዳ፣ ውስጡ ውኃ ቀርቷል ማለት ነው፤ ውኃ እንፋሎት ሲሆን 1,700 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ መውጫ ካጣ ግድግዳውን ይዞ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ የሚሰነጠቀው ደግሞ ሌላ ነው፦ ጭቃው ውስጥ ያለው ኳርትዝ 573 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በድንገት መጠኑን ይቀይራል፤ በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛ ንፋስ ከመታው አበቃለት። ከቀናት በኋላ ገጹ ላይ ነጭ ነጥብ ይዞ የሚፈነቀለው የኖራ ድንጋይ ነው። እሳቱ አቃጥሎታል፣ ከዚያ ከአየር እርጥበት እየጠጣ አበጠ።

አምስት ምልክት፣ አምስት ምክንያት። ቁጥሮቹን እኔ ከመጽሐፍ አገኘኋቸው። ባለሙያዋ ቁጥሩን ሳትጠራ አፈሩን ትለቅማለች፣ ጥላ ውስጥ ታደርቃለች፣ እሳት ከማስገባቷ በፊት ታሞቃለች። እኛ ሰፈር ይሄ ዲባግ ማድረግ ይባላል።

አሁን ወደ ጠቤ ልምጣ። «ጀበናን እናዘምን» የሚል ሐሳብ በየጊዜው ብቅ ይላል። ጭቃውን አቅጥኖ በጂፕሰም ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ማፍሰስ፣ ከዚያም ግሌዝ የሚባለውን መስታወት መሳይ ቅብ መቀባት። ለሲኒ ግሩም ነው፤ ሲኒ ፍም ላይ አይጣድም። ጀበናና ድስት ግን ይጣዳሉ። ለመፍሰስ የሚመች ጭቃ ደቃቅ ነው፤ ደቃቅና ጥቅጥቅ ባለ ገላ ላይ ስንጥቅ አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለም። አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል ያለበት ሸካራ ሸክላ ላይ ግን ስንጥቋ ከቅንጣት ጋር እየተጋጨች ትቆማለች። ግሌዙም ከሥሩ ካለው ሸክላ ጋር እኩል ካልሰፋና ካልተኮማተረ የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፣ ወይም ይላጣል። በየቀኑ ሦስቴ ፍም ላይ በሚወጣና በሚወርድ ዕቃ ላይ ይህ አለመስማማት ሦስቴ ይደገማል።

የግሌዙን ሥራ እኛ ቤት የሚሠራው ሌላ ነው፦ ሳይቃጠል በፊት በጠጠር ማሸት፣ ከተቃጠለ በኋላ ማሟሸት፣ ለምጣድ ደግሞ ጎመን ዘር። ቀዳዳው በዘይት ይደፈናል፣ ገላው እሳት እንደቻለ ይቀራል። ይህን ያህል የታሰበበት ነገር ላይ «ግሌዝ ይጎድለዋል» የሚል አስተያየት መስጠት፣ ኮዱን ሳያነቡ እንደገና እንጻፈው እንደሚል አዲስ ተቀጣሪ መሆን ነው።

ለምን አላነበብነውም? ምክንያቱ ቀላል አይደለም። ይህችን ዕውቀት የያዙትን ሰዎች ለዘመናት «ቡዳ» ስንል ኖረናል። «ጠይብ» የሚለው ቃል ከ«ጠቢብ» ጋር የሚዛመድ ነው፤ እኛ ግን ጥበብን ስድብ አድርገነዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። ስድቡ ከአዋጁ በኋላም ዕድሜ አገኘ። ዛሬ በአደባባይ «ቡዳ» አንልም፤ «ያልተማሩ እናቶች» እንላለን። ቃሉ ለሰለሰ፣ ውሳኔው አልተቀየረም፦ ስለ ሸክላ ስብሰባ ሲጠራ ጭቃውን የምታውቀው ሴት የምትመጣው ፎቶ ለመነሳት ነው።

«ታዲያ ምንም አይሻሻል?» ትሉኝ ይሆናል። ይሻሻል እንጂ! በክፍት እሳት ማቃጠል ማገዶ ይበላል፣ ሙቀቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ክረምት ላይ ማድረቅ መከራ ነው። ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ፣ ዝናብ የማያስገባ ማድረቂያ መጠለያ፣ ጭስ የማይበዛበት ቦታ፤ እነዚህ የምህንድስና ሥራዎች ናቸው፣ እንሥራቸው። ግን መነሻው የእሷ የኪሳራ መዝገብ ይሁን። ከአንድ ማቃጠል ስንት ዕቃ ተረፈ? ስንቱ የት ላይ ተሰነጠቀ? ይህን ሳይጠይቁ መፍትሔ ይዞ የሚመጣ መሐንዲስ ዲግሪው ላይ የተጻፈውን ረስቷል።

እናንተ ደግሞ ጀበና ስትገዙ አንኳኩታችሁ ድምፁን መስማታችሁ ጥሩ ነው፤ የተሰነጠቀ ሸክላ ድምፁ ይታፈናል። ካንኳኳችሁና ጥርት ብሎ ከጮኸ ግን ዋጋ ላይ አትከራከሩ። እሱ እንዲጮህ እሳት ውስጥ የቀሩ ወንድሞቹ አሉ፤ የእነሱም ድካም ሳይከፈል እንዲያልፍ አታድርጉ።