በሩቅ ደጋፊ ስም አይነገድ

የአውሮፓ ሊጎች የውድድር ዘመን ጨዋታዎቻቸውን ወደ አሜሪካ ስታዲየሞች መውሰድ የለባቸውም። የዚህ ዝግጅት ክፍል አቋም ይኸው ነው። ባርሴሎናና ቪያሪያል እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2025 ማያሚ ላይ ሊያደርጉት የነበረው የላሊጋ ጨዋታ ሁለት ወር ሲቀረው ተሰርዟል፤ ኤሲ ሚላንና ኮሞ አውስትራሊያ ፐርዝ ላይ እንዲገጥሙ የተያዘው ዕቅድም ቀርቷል። ይህን ያዩ ብዙዎች ነገሩ አበቃለት ብለዋል። እኛ ግን አላበቃም እንላለን። ላሊጋ ዕድሉ ስላመለጠው መቆጨቱን አልደበቀም፤ ዩኤፋም እያቅማማ ቢሆንም ፈቃዱን ሰጥቶ ነበር። ጨዋታውን ያስቀረው ስፔን ውስጥ የተነሣው ተቃውሞ እንጂ ደንብ አይደለም። በኦክቶበር የሊጉ ተጫዋቾች ዳኛው ፊሽካ ከነፋ በኋላ ለ15 ሰከንድ ከቆሙበት ሳይንቀሳቀሱ ቆዩ፤ የቴሌቪዥኑ ስርጭት በዚያች ቅጽበት ካሜራውን ከተጫዋቾቹ አንሥቶ ስታዲየሙን ከውጭ ያሳይ ነበር።

ለዕቅዱ የቀረበው ምክንያት የአሜሪካ ደጋፊ ነው። በሩቅ ሆኖ የሚከታተለን ሕዝብ አንድ ቀን እንኳ በዓይኑ ሊያየን ይገባል ተባለ። ሲሰሙት ደግ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ይህ ደጋፊ ምን ፈልጎ ወደ አውሮፓ እግር ኳስ እንደመጣ የጠየቀው ያለ አይመስለንም።

ደጋፊው በማለዳ ይነሣል። እንግሊዝ ውስጥ ቅዳሜ ቀትር ካለፈ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ የሚጀመር ጨዋታ ኒውዮርክ ላይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡30፣ ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ ከሌሊቱ 10፡30 ነው። በዚህ ሰዓት ማሊያውን ለብሶ፣ በጨለማ መኪናውን አስነሥቶ፣ ገና በሩን እየከፈተ ወዳለ መጠጥ ቤት የሚሄድ ሰው ጥቂት አይደለም። በየከተማው የአንድ ክለብ ደጋፊዎች መሰባሰቢያ የሆነ ቤት አለ፤ ማንሃተን ኢስት ቪሌጅ ያለው የ11ኛው ጎዳና ባር የሊቨርፑሎች ነው። ማንም አያስገድዳቸውም፣ ክለቡም ስማቸውን አያውቅም። ሽንፈቱን ቁርስ ሳይበሉ ይውጡታል፣ በሳምንቱም ተመልሰው ይመጣሉ። እንዲህ ያለውን ሰው «የቴሌቪዥን ደጋፊ» ብሎ መናቅ ግፍ ነው። የአዲስ አበባው የአርሰናል ወይም የማንቸስተር ደጋፊም በዲኤስቲቪ ቤት ወንበር ላይ ሆኖ የኖረው ይህንኑ ፍቅር ነውና፣ አንባቢያችን ነገሩን ከማንም በላይ ይረዳዋል።

ገበያው ይህን ፍቅር ቀድሞ አይቶታል። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤንቢሲ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉን ለሦስት ዓመት ለማስተላለፍ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደከፈለ ተዘግቧል፤ በ2021 ለስድስት ዓመት የታደሰው ውል ደግሞ ወደ 2.7 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል። አሜሪካዊው ደጋፊ ዛሬ 380ውንም የሊጉን ጨዋታዎች ማየት ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በተለመደው የጨዋታ ሰዓት የሚደረጉ ግጥሚያዎች በቀጥታ አይተላለፉም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየው ይህ ክልከላ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የትናንሽ ክለቦች ሜዳ ባዶ እንዳይቀር የተደነገገ ነው። ስለዚህ ካንሳስ ያለው የኤቨርተን ደጋፊ በቴሌቪዥን የሚያየውን ጨዋታ የሊቨርፑል ከተማ ነዋሪ ትኬት ካልቆረጠ አያየውም። እንግሊዞች ከቴሌቪዥን ገንዘብ ሲሰበስቡ እንኳ ለሜዳው ወንበር ያላቸውን ክብር አልተዉም።

አሜሪካዊውን የሳበው አንዱ ነገር ይህ ክብር ይመስለናል። በገዛ ሀገሩ ቡድን ማለት ባለቤቱ ሲፈልግ ከከተማ ወደ ከተማ የሚያዞረው ንብረት ነው። የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ የባልቲሞር ኮልትስ በ1984 በሌሊት ዕቃውን ጭኖ ኢንዲያናፖሊስ ገባ። የቅርጫት ኳሱ የሲያትል ሱፐርሶኒክስ በ2008 ኦክላሆማ ሲቲ ሄደ። ኦክላንድ ደግሞ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቅርጫት ኳስ፣ የአሜሪካ ፉትቦልና የቤዝቦል ቡድኖቿን በተራ አጣች። በ2016 የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑን ራምስን ከሴንት ሉዊስ ነቅለው ሎስ አንጀለስ የወሰዱት ስታን ክሮንኬ ዛሬ የአርሰናል ባለቤት ናቸው። ሴንት ሉዊስ ከስሳ በ2021 በስምምነት 790 ሚሊዮን ዶላር ተከፈላት፤ ቡድኗ ግን አልተመለሰም። ይህች ከተማ የእግር ኳስ ባዕድም አይደለችም፦ በ1950 የዓለም ዋንጫ ብራዚል ላይ እንግሊዝን 1 ለ 0 ካሸነፉት አሜሪካውያን መካከል አምስቱ የእርሷ ልጆች ነበሩ። ቡድኑ የተወሰደበት ሰው፣ ዌልስ ውስጥ ያለው የሬክሳም ክለብ ከአምስተኛው እርከን ተነሥቶ በሦስት ተከታታይ ዓመታት ወደ ቻምፒየንሺፑ ሲወጣ ሜዳውንም ከተማውንም እንዳልለቀቀ ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አይከብድም።

በአሜሪካዊው ስም የሚናገሩት ባለሀብቶች ይህን ደጋግመው ስተውታል። በኤፕሪል 2021 የታወጀው የአውሮፓ ሱፐር ሊግ መሥራቾቹ የማይወርዱበት ውድድር ነበር፤ ከገቡት ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ሦስቱ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሊቨርፑልና አርሰናል፣ ያኔም የአሜሪካውያን ንብረት ነበሩ። ሐሳቡ አሜሪካ ውስጥ የተለመደውን ዝግ ሊግ ወደ አውሮፓ ማምጣት ነበር። ደጋፊዎች አደባባይ ወጡ፣ ዕቅዱም በሁለት ቀን ፈረሰ። የማያሚው ጨዋታ ያንኑ ስሕተት በትንሹ መድገም ነው።

የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ከ2007 ጀምሮ ለንደን ላይ ይጫወት የለም ወይ የሚሉ አሉ። ይጫወታል፤ ግን የሁለቱ ሊጎች አሠራር የተለያየ ነው። በዚያ ሊግ ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር አይገናኝም። በላሊጋ ግን እያንዳንዱ ክለብ ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ጊዜ በሜዳው፣ አንድ ጊዜ በተጋጣሚው ሜዳ ይጫወታል፤ የሠንጠረዡ ፍትሕ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ባርሴሎና ቪያሪያልን በቪያሪያል ሜዳ ሳይሆን ማያሚ ላይ ቢገጥም፣ ሌሎቹ የዋንጫ ተፎካካሪዎች በሙሉ ወደዚያ አስቸጋሪ ሜዳ ሲሄዱ እርሱ ብቻ ይተርፋል። ሪያል ማድሪድ የተቃወመበትም አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቪያሪያል የ50 ሺህ ያህል ሰዎች ከተማ ናት፤ ስታዲየሟ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። ባርሴሎና የሚመጣበት ቀን በዓመት አንዴ ነው። ክለቡ ለዓመት ትኬት ባለቤቶች ማካካሻ አቅርቦ ነበር፤ ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቁት ያ ቀን በገንዘብ አይተካም።

ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ የለብንም። የባሕር ዳር ስታዲየም በካፍ ከታገደ ወዲህ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በሰው ሀገር ሲያደርግ ቆይቷል። በጁን 2022 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ትውልድ የሚያወራው ድል ነበር፤ ድሉ የተገኘለት ሕዝብ ግን በስፍራው አልነበረም። ለኛ ይህ ቅጣት ሆኖ የመጣ ነው። ቪያሪያልን በመሰለ ከተማ ላይ ግን ምንም ሳያጠፋ፣ ሌላ ሰው እንዲያተርፍ ሲባል በፈቃድ ሊደረግበት ነበር። ልዩነቱ ያስቆጣናል፤ ሊያስቆጣም ይገባል።

ርቀት የሊግ ጨዋታ የማስተናገድ መብት ይሰጣል ከተባለ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ሌጎስና ጃካርታ ከማያሚ የሚያንሱበት ምክንያት የለም። አሜሪካዊው ደጋፊ ገንዘብ ካጠራቀመ ያለ ቪዛ ማድሪድ ይደርሳል፤ ናይጄሪያዊው ገንዘቡ ቢኖረውም ቪዛው ሊከለከል ይችላል። ሆኖም ሌጎስ ላይ የሊግ ጨዋታ እናድርግ ያለ የለም። የስፔን ሱፐር ካፕ ከ2020 ጀምሮ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ የሄደውም በዚያ ያለው ደጋፊ ከሌላው በልጦ አይደለም። መንገዱን የሚመርጠው ገንዘብ ነውና የደጋፊ ፍቅር ምክንያት ተደርጎ አይቅረብ።

የአሜሪካው ደጋፊ ሊደረግለት የሚገባ ነገር አለ። ክለቦቹ በየክረምቱ ለወዳጅነት ጨዋታ ይሄዱለታል፤ በኦገስት 2014 ማንቸስተር ዩናይትድና ሪያል ማድሪድ ሚሺጋን ላይ ሲገናኙ 109,318 ሰው ስታዲየም ገብቷል። ይህ ይቀጥል፣ ዋና ተጫዋቾቻቸውንም ይዘው ይሂዱ። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው የስርጭቱ ነገር ነው፦ ፕሪሚየር ሊጉ አንድ ቤት፣ ቻምፒየንስ ሊጉ ሌላ ቤት፣ ላሊጋው ሦስተኛ ቤት ገብቶ በየወሩ ለሁሉም የሚከፍለው ያው አንድ ሰው ነው። ሊጎቹ ስለ እርሱ የሚያስቡ ከሆነ መብቱን ሲሸጡ ይህን ሸክም ያቅልሉለት።

ፊፋ በ2018 የሊግ ጨዋታ በራሱ ሀገር ውስጥ እንዲደረግ አቋም ይዞ ነበር። ሬለቨንት የተባለው የአሜሪካ አዘጋጅ ድርጅት ከስሶ፣ በ2024 ፊፋ ደንቡን ለማየት ተስማምቶ ከክሱ ወጣ፤ ወዲያው ጉዳዩን የሚያጠና ቡድንም አቋቋመ። ከዚህ ጥናት አንድ ግልጽ አንቀጽ እንዲወጣ እንጠይቃለን፦ ጦርነት ወይም የተፈጥሮ አደጋ ካላስገደደ በቀር የሀገር ውስጥ ሊግ ጨዋታ ከሀገሩ አይወጣም። አንቀጹ እስኪጻፍ ድረስ የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት እምቢ የማለት ሥልጣን አለውና ይጠቀምበት።