በገል የምትበላው

ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንላለን። ተርተን እንስቃለን፤ በገል ያስበላት ማን እንደሆነ ግን አንጠይቅም። ሥነ ጽሑፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ከዚህ የመረረ ስላቅ በተረቶቻችን ውስጥ ብዙ አላጋጠመኝም።

እስቲ አዘና ገበያ ውጡና ጀበና የምትሸጠዋን ሴት እዩ። ጭቃውን ቆፍራ፣ በጀርባዋ ተሸክማ፣ አሮጌ ገል ወቅጣ ቀላቅላ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ ብቻ አበጅታ፣ በእንጨትና በኩበት ተኩሳ ነው ለገበያ ያበቃችው። እኛ በጣታችን ቆርቆር እናደርግና ድምፁ አልጣመንም ብለን ዋጋ እናወርዳለን። በጀበናዋ ቡና እያፈላን ዓይኗን እንፈራለን፤ ቡዳ ናታ! አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት አለፈው፤ ስድቡ ግን ጡረታ አልወጣም።

እንጅባራ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለን። የሸክላ ሙዚየም ይክፈት ነው የምለው። «ደግሞ ለገል ሙዚየም?» የሚል ምሁር አይጠፋም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ሰር ፐርሲቫል ዴቪድ የሰበሰቡትን 1,700 ያህል የቻይና ሸክላና ፖርሲሊን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1952 ሙዚየም ከፍቶ እስከ 2007 አቆይቷል። ስብስቡ ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። በ1351 የተሠሩት ሁለቱ ዝነኛ ማሰሮዎች አንገታቸው ላይ ለቤተ መቅደስ የሰጣቸው ሰው ስም ተጽፏል። የሠሪውስ? የለም። ለካ ባለ እጅን መርሳት የኛ ብቻ አይደለም።

የስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሰውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት ተከትሎ ዕቃ ደርድሯል፤ ደግ አድርጓል። ከእንጅባራ የምሻው ግን ሌላ ነው። «ጀበና፣ አዊ» ተብሎ መስታወት ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አልጠየቅሁም። የሠራችው ሴት ስም ይጻፍ። ጭቃው ከየት እንደተቆፈረ፣ ዕቃው በአዊኛ ምን እንደሚባል ይጻፍ። እሷም ተጠርታ ታስተምር፤ ስትከፈልም እንደ መምህር እንጂ እንደ ቀን ሠራተኛ አይሁን።

እንስራን ጀሪካን አባሮታል፣ እሺ። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን እንኳ ላዩ ሸክላ ነው እኮ!

በጀት የለም እንዳትሉኝ። አንድ ክፍል፣ ጥቂት መደርደሪያና አንድ መቅረጸ ድምፅ ነው የጠየቅሁት። ሴቶቹ እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸውም ከሙያው እየሸሹ ነው።