ፈረሱስ ይኸው፣ ሜዳውስ?

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ ከፈተናና ከካፌ ወጥ ትንሽ ራቅ ይላል። ጉዳዩ መኪና ነው። መኪና ስላችሁ ደግሞ ከጉደር አምቦ የሚመላለሰውን ሚኒባስ ወይም በየጥጋጥጉ የምትሽሎከለከለውን ባጃጅ ማለቴ አይደለም። በየዶርሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ፣ በየሞባይሉ ላይ ተጭና የምናያትን ፎርድ ሙስታንግን ነው። ጥያቄዬም ቀላል ነው፤ እንዲህ ያለችውን የአሜሪካ ስፖርት መኪና ሰው በየቀኑ ለሥራ መመላለሻ ሊያደርጋት ይችላል? ከቻለስ የት?

«ኧረ አንተ ልጅ፣ የባጃጅ ሂሳብ ከእኛ እየተበደርክ ስለ ሙስታንግ ትጽፋለህ?» የሚሉኝ ጓደኞች እንደማይጠፉ አውቃለሁ። ይበሉ። ለባለ ባጃጁም ቢሆን ነገሩ ይመለከተዋል። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሁሉ አንድ ቀን «መኪና ልላክላችሁ ወይስ ገንዘብ?» የሚል ስልክ ይደወልለታል። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ነገ ስለ መኪና የምንጽፈውን አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ይኖራል።

በመጀመሪያ ትንሽ ታሪክ። ሙስታንግ በኒውዮርክ የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1964 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 9 ቀን 1956 ዓ.ም. መሆኑ ነው። የሚገርመው ነገር በዚያው ዓመት፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. አገራችን መኪና በመንገዱ በግራ በኩል መንዳቱን ትታ ወደ ቀኝ ተዛወረች። መሪዋ በግራ የሆነው የአሜሪካ መኪና ለመንገዳችን የተመቸች የሆነችው ልክ ያን ጊዜ ነው ማለት ይቻላል። ብቻ የመሪው ቦታ መስማማቱ ሌላው ሁሉ ተስማማ ማለት አይደለም።

ሙስታንግ ማለት በአሜሪካ ሜዳዎች ላይ ባለቤት ሳይኖረው የሚጋልብ ፈረስ ነው። መኪናዋም ፊቷ ላይ የሚሮጥ ፈረስ ለጥፋለች። ታዲያ ፈረስ ከተባለ እኛ ምን አንሶን! ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴን በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ እያለ የሚጠራ አገር ልጆች ነን። በምዕራብ ሸዋ ዛሬም ፈረስ ያለው ሰው ፈረሱን እንደ ልጁ ነው የሚያየው።

ነገር ግን አባቶቻችን አንድ ጥሩ ልማድ ነበራቸው። የጦር አለቃ ሩቅ አገር ሲሄድ የሚቀመጠው በበቅሎ ላይ ነበር። ፈረሱ ጀርባውን ሳይጫን በአሽከር እየተሳበ ይከተላል። ጦርነት ሲመጣ ወይም ለጉግስ ሜዳ ሲወጣ ብቻ ጌታው ከበቅሎው ወርዶ ፈረሱ ላይ ይወጣል። ለምን ቢባል በቅሎ ዳገቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ድንጋዩን ትችላለች፤ እርምጃዋ አያንገላታም፤ በትንሽ ቀለብም ታድራለች። ፈረስ ግን ለአንድ ሰዓት ፍልሚያ ነው የሚጠበቀው። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ ያኔ ተመልሶ ነበር ማለት ነው። ለዕለት መንገድ በቅሎ፣ ለሜዳ ፈረስ!

አሜሪካ ሜሪላንድ የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለኝ። 2018 ሞዴል ሙስታንግ ጂቲ ይነዳል፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አምስት ሊትር ሞተር፣ 460 የፈረስ ጉልበት። በየቀኑ ሥራ የሚሄደው በሷ ነው። «ከባድ አይደለም እንዴ?» ብለው «ምን ይከብዳል፣ መንገዱ ምንጣፍ ነው፤ ዕቃ ቢሰበር በማግስቱ ይመጣል» አለኝ። ሦስት ነገር ብቻ ይቸግረዋል። የኋላ ወንበሯ ከቦርሳ በቀር አዋቂ ሰው አያስቀምጥም። ጉልበቷ የሚያርፈው በኋላ ጎማ ስለሆነ በረዶ ሲጥል የክረምት ጎማ ካልተቀየረላት ትንሸራተታለች። ኢንሹራንሷም ከሌላው ይወደዳል። «ግን ቀኑን ሙሉ ደስ የሚለኝ ሰዓት ቢኖር ጠዋትና ማታ መሪ የምይዝበት ነው» አለኝ። ይህን ንግግሩን ቀልድ ነው ብዬ አላልፈውም። ሰው በሥራ ሲደክም ውሎ በመንገዱ ቢደሰት ነውር የለውም።

ይኸው ዘመዴ ታዲያ አገር ቤት ገብቶ ጊንጪ ቤተሰቡ ጋ እየኖረ አምቦ የመሥራት ሐሳብ ነበረው። መኪናይቱንም ይዞ! እስቲ ሜዳውን አብረን እንየው።

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሆለታ ደግሞ ወደ 2400 ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ሞተር የሚስበው ኦክስጅን ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በእኛ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ከ460ው ፈረስ ዘጠና ያህሉ ገና ሳይጋልብ ደክሞት ቀረ ማለት ነው። ቀረጥ የሚከፈለው ግን ለሁሉም ነው!

ከጊንጪ አምቦ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ደርሶ መልስ 80፤ በወር 25 ቀን ቢሠራ 2000 ኪሎ ሜትር። እንዲህ ያለችው መኪና ከተማና ገጠር ተደባልቆ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ብትጠጣ በወር 240 ሊትር ቤንዚን ነው። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር የምትጠጣ ትንሽ መኪና 140 ሊትር ይበቃታል። የመቶ ሊትሩ ልዩነት ከተማ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሊመስለው ይችላል። በእኛ አካባቢ ግን ሰልፍም አለበት። ማደያው ባዶ በሆነበት ቀን ቤንዚን በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም፤ ለመቶ ሊትር ስንት ሃይላንድ እንደሚያስፈልግ እናንተው አስሉት።

ከዚያ ደግሞ ጎማው አለ። የስፖርት መኪና ጎማ ሰፊና ስስ ነው፤ ጥሩ አስፋልት ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ግጭቱን የሚበላለት ጎማ ስለሌለ ምቱ በቀጥታ ቸርኬው ላይ ያርፋል። አፍንጫዋ ረዥም፣ ሆዷ ለመሬት የቀረበ ስለሆነ በየከተማው መግቢያ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሁሉ ፓራውልቷን ይነካታል። ብትሰበርስ? በጊንጪም ሆነ በጌዶ ያለ መካኒክ የኮሮላን ሆድ ዕቃ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ዕቃው ቢጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። የሙስታንግ ዕቃ ግን ዘመድ በሻንጣው ይዞ እስኪመጣ ነው የሚጠበቀው። ባለቤቷ እስከዚያ በሚኒባስ ይሄዳላ!

ሕጉም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሞተራቸው ከ1800 ሲሲ በላይ በሆነ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ላይ መቶ በመቶ የኤክሳይስ ታክስ ጣለ፤ ለአሮጌዎቹ ደግሞ ከዚያም እጅግ ከፍ አደረገው። የሙስታንጓ ሞተር ወደ 5000 ሲሲ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ሆነ። የዘመዴ ሐሳብ በዚያው ቀረ። እናቱ አልተቆጩም፤ «በሱ ብር ለከብቱ ውኃ አውጡበት» አሉ።

አንዳንዱ ሰው «እሺ፣ ገንዘብ ያለው ሰው በገንዘቡ ምን ቸገረው? ይንዳ!» ይላል። ጥሩ ሙግት ነው። ለወጪው እኔም ግድ የለኝም፤ ኪሱ ይችለዋል። የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚመጣው አስፋልት የመኪና ብቻ መንገድ አይደለም። ጋሪው፣ ጤፍ የተጫነው አህያ፣ ከግጦሽ የሚመለሰው ከብት፣ ዩኒፎርም የለበሰው ተማሪ ሁሉ የሚሄደው በሱ ዳር ነው። በአገራችን በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ውስጥ ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው። በአምስት ሰከንድ ውስጥ መቶ ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚደርስ መኪና ይህን ችሎታውን ኦሎንኮሚ ላይ በገበያ ቀን የት ይጠቀምበታል? ካልተጠቀመበት ደግሞ ያን ሁሉ ጉልበት ለምን ተሸከመው? ሜዳ የሌለው ፈረስ ወይ ታስሮ ይሰንፋል፣ ወይ ሰው ይረግጣል።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። በመጽሔትም በሬዲዮም የምናገኘው የአማርኛ የመኪና ጽሑፍ አብዛኛው ከውጭ የተገለበጠ ነው። የፈረስ ጉልበቱ ይህን ያህል፣ ዜሮ እስከ መቶ በዚህን ያህል ሰከንድ፣ ቆዳ ወንበር፣ የቡና ስኒ ማስቀመጫ። ጸሐፊው የሚመክረው ሜሪላንድ ያለውን የአጎቴን ልጅ ነው እንጂ ጊንጪ ያለውን አጎቴን አይደለም። «ለዕለት አገልግሎት ምቹ ናት» ብሎ ሲጽፍ ዕለቱ የማን ዕለት እንደሆነ አይጠይቅም። ይህ ትርጉም ሊባል ይችላል፤ ጋዜጠኝነት ግን አይደለም።

እኔ ቢሆን ስለ አንድ መኪና ከመጻፌ በፊት መናኸሪያ ሄጄ አምስት ጥያቄ እጠይቃለሁ። በቅርብ ከተማ ማን ይጠግናታል? ዕቃዋ በስንት ቀን ይደርሳል? ስንት ሰውና ስንት ኩንታል ትይዛለች? ማደያው ባዶ ሲሆን ምን ትሆናለች? መንገድ ዳር ለሚሄደው ሰውስ ምን ያህል ታሰጋለች? የአምቦ ሚኒባስ ሾፌር የእነዚህን መልስ ከማንኛውም የውጭ መጽሔት በተሻለ ያውቃል። ሄዶ የሚጠይቀው ነው የጠፋው።

ጥያቄዎቹ ለኤሌክትሪክ መኪናም ይሠራሉ። ፎርድ ራሱ ሙስታንግ ማክ ኢ የምትባል አራት በር ያላት የኤሌክትሪክ መኪና አውጥቷል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው አያደክመውም፤ የሃይላንድ ቤንዚንም አይፈልግም። ይህ ለእኛ ደጋ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም መብራት የጠፋ ቀን፣ ባትሪው የታመመ ቀንስ? ዘመዴ ባለፈው ደውሎ «አሁንስ ኤሌክትሪኳን ይዤ ልምጣ?» ሲለኝ አትምጣ አላልኩትም። አምስቱን ጥያቄ ልኬለታለሁ፤ መልሱን አብረን እየፈለግን ነው።

ውድ አንባብያን፣ በግድግዳችሁ ላይ ያለችውን ሙስታንግ ንቀሉ አላልኳችሁም። ቆንጆ ናት፤ እኔም ሳያት ዓይኔን አልነቅልም። የጋሪ ባለቤትም ፈረሱን በቀይ ክር የሚያስጌጠው ሰው ከሥራው ጋር ደስታም ስለሚፈልግ ነው። «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» የሚለውን አባባል ስንተርት ግን ሁለቱንም አይተን ይሁን። ስለ ፈረሱ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ስለ ሜዳው የምንጽፈው እኛ ነን።

ቸር እንሰንብት።