ሸክሙ ለአንድ ፥ ጌጡ ለሁሉ የሆነ የቡድን ሥራ



በመምህራን ማሠልጠኛ ፥ በጤና ፥ በሒሳብ አያያዝና በአስተዳደር ኮሌጆች ሁሉ «የቡድን ሥራ» የሚባል ነገር ተለምዶ ይገኛል። መምህሩ ተማሪዎቹን አምስት አምስት ወይም ስምንት ስምንት አድርጎ ይከፍልና አንድ ርእስ ሰጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጽፋችሁ አምጡ ይላል። ጽሑፉ ሲቀርብ በሽፋኑ ላይ የስምንት ሰዎች ስም በፊደል ተራ ተደርድሮ ይታያል ፤ ውስጡን የጻፈው ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው ፥ ቢበዛ ሁለት ሰው ነው። ውጤቱ ለስምንቱም እኩል ይሰጣል። ይህ የተማሪዎች ጭቅጭቅ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ጉዳዩ ነገ ልጆቻችንን የሚያስተምረውን መምህርና በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የሚይዘውን ሠራተኛ የሚነካ ስለ ሆነ ፥ በዚህ ዓምድ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ከሁሉ አስቀድሞ የቡድን ሥራ ፈጽሞ ይቅር ከሚሉት ወገን አለመሆኔ ይታወቅልኝ። ሙያ የተባለ ነገር ሁሉ ከሌላው ጋር ተባብሮ መሥራትን ይጠይቃል። ለዚህም በአገራችን መልካም ምሳሌ የሚሆነን ጎንደር ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሲከፈት ፥ የጤና መኮንኖች ፥ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያን የሚባሉት የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎች በአንድ ግቢ እንዲሠለጥኑ ተደረገ። ትምህርታቸውን ወደ መፈጸሙ ሲደርሱም በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ እየተላኩ ሕዝብ ሲያገለግሉ ይማሩ ነበር። የጤና መኮንኑ ሕመምተኛ ይመረምራል ፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ትከታተላለች ፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጎለብታል ፥ የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ከሦስቱ አንዱ ቢሰንፍ ሥራው በማን በኩል እንደ ጎደለ መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ነርሷ በሳኒታሪያኑ ፈንታ ጉድጓድ አስቆፍራ ውጤት ልታሰጠው አትችልም። ይህ ዓይነቱ የቡድን ሥልጠና ቆይቶ በጅማም ተሠርቶበታል ፤ ከዚያ የወጡ ባለሙያዎችም ወደ ገጠር ሲመደቡ የሌላውን ሙያ ድንበር ዐውቀው ስለሚሄዱ ፥ «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» በሚል ክርክር ጊዜ የሚያጠፉ አልነበሩም።

በብዙዎቹ ኮሌጆች የሚሰጠው የቡድን ሥራ ግን እንዲህ ያለ አይደለም። ተመሳሳይ ትምህርት የተማሩ ስምንት ሰዎች አንድ አሥራ አምስት ገጽ ጽሑፍ እንዲጽፉ ይታዘዛሉ። አንድን ብዕር ስምንት እጅ አይዘውም ፤ ስለዚህ አንዱ ይዘዋል ፥ ሰባቱ ይመለከታሉ።

በክረምት ወራት በሚሰጠው የመምህራን ሥልጠና ፥ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ ኮሌጅ ፥ ሰባት ሆነን በአንድ ቡድን ተመደብን። ርእሳችን ተማሪ በበዛበት ክፍል እንዴት ማስተማር እንደሚቻል የሚያትት ነበር። ከመካከላችን በገጠር ከሃያ ዓመት በላይ ያስተማሩ ፥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አንጋፋ መምህር ነበሩ። እኒህ ሰው ሰማንያና ዘጠና ልጅ በአንድ ክፍል አስቀምጠው ያስተማሩ ናቸው። በየረድፉ ጎበዝ ልጅ እየሾሙ ፥ ደብተር በቀን በቀን ለየረድፉ ተራ እየሰጡ እንደሚያርሙ ፥ ከኋላ የሚቀመጡትን በየሳምንቱ ወደ ፊት እንደሚያዛውሩ በሻይ ሰዓት አጫውተውናል። ነገር ግን ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ በመሆኑና እርሳቸው በእንግሊዝኛ መጻፍ ያፍሩ ስለ ነበር ፥ ቡድኑ የሰጣቸው ሥራ ለማተሚያና ለማስጠረዣ የሚሆነውን ገንዘብ መሰብሰብ ሆነ! የጻፈው ገና ክፍል ውስጥ ቆሞ ያላስተማረ ፥ እንግሊዝኛው ግን የሰላ ወጣት ነው። እርሱም ሠላሳ ተማሪ እንደ ብዙ ስለሚቆጠርበት አገር የተጻፈውን ከኢንተርኔት እያወጣ አሳምሮ አቀናበረው። አንዲት ጓደኛችንና እኔ የጋሼ ልምድ በአማርኛም ቢሆን ተጽፎ ይግባ ብንል ጊዜ የለም ተባልን። ውጤቱ መልካም ነበር። በዚያ ቡድን ውስጥ ስለ ርእሱ በእውነት የሚያውቁት አንድ ሰው ያወቁት ነገር ግን በጽሑፉ ውስጥ አንድ መስመር አላገኘም። ከስንፍናው ይልቅ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

አንድ ቀን እንኳ ያልመጡ ሁለት ሰዎችም ነበሩ። እነርሱ የማስጠረዣውን ገንዘብ ከሁሉ ቀድመው ከፈሉ ፤ በዚያም ድርሻቸውን እንደ ተወጡ ቆጠሩት።

ለምን ስማቸው አልተሰረዘም የሚል አንባቢ ይኖራል። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለምና መልሱ አይጠፋውም። የክፍል ጓደኛውን ስም ከሽፋን የሰረዘ ሰው ሰባቂ ይባላል ፤ በሚቀጥለው ወር ከዚያው ሰው ጋር በሌላ ቡድን ሊመደብ ፥ ከዓመታት በኋላም በአንድ ወረዳ ሊሠራ ይችላል። እርግጥ ይሉኝታ ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ዘመድ ሞቶበት ለቀብር የሄደውን ወይም የታመመ ልጅ ይዛ ሆስፒታል የሰነበተችውን እህት ስም ጓደኞቿ ቢጽፉላት ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም። እንዲያውም ማታ ማታ መሰብሰብ ስላልቻለች ሰነፍ የምትባለው የልጆች እናት ፥ ሌሊት ልጆቿ ሲተኙ ሁለት ገጽ ጽፋ በቴሌግራም የምትልክ ሆና ትገኛለች። ደግሞም ታታሪው ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከእኔ በቀር የሚችል የለም ብሎ የሌላውን ጽሑፍ ሳያነብ የሚጥል ፥ ከዚያም ብቻዬን ሠራሁ እያለ የሚያማርር ሞልቷል።

ይህ ጠባይ የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ደግሞ አንድ የቆየ ምርመራ ላንሣ። ማክሲሚልየን ሪንገልማን የተባለ የፈረንሳይ የእርሻ መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያሳበ ጉልበታቸውን ለክቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመ። አንድ ሰው ብቻውን ሲስብ ጉልበቱ መቶ ቢባል ፥ ሁለት ሲሆኑ የያንዳንዳቸው ወደ 93 ፥ ስምንት ሲሆኑ ግን ወደ 49 ወረደ። ከፊሉ ገመዱን በአንድ ጊዜ እኩል መሳብ ስላልቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ግን አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰውየውን ዐይኑን ሸፍነው ከኋላው ሌሎች የሚስቡ አስመስለው ብቻውን ቢያስስቡት ያን ጊዜም ጉልበቱን ቀነሰ። በ1981 ደግሞ የያንዳንዱ ሰው ድርሻ ለብቻው እንደሚለካ ሲነገረው መለገሙ እንደሚጠፋ ሌሎች አሳዩ። የለጋሚው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚለግመው ድርሻው ከሌላው ድርሻ ተለይቶ በማይታይበት ቦታ ነው።

አባቶቻችን ይህን ገመድ ሳይስቡ ያውቁት ነበር። ደቦ የጠራ ገበሬ ጠላና እንጀራ አቅርቦ ጎረቤቶቹን ያሠራል ፤ ወንፈል ግን ቀን በቀን የሚመለስ ብድር ነው ፤ አንድ ቀን ያረሰልኝን አንድ ቀን አርስለታለሁ ፤ ያልመጣልኝን አልሄድለትም። ዕድር ከቀብር የቀረውን መቀጫ ያስከፍላል። ዕቁብ ዋስ ሳይጠራ ገንዘብ አይሰጥም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለው እያንዳንዱ አንድ አንድ ሎሚ እንዲይዝ ነው። በኮሌጆቻችን ግን ሃምሳው ሎሚ በአንዱ ጫንቃ ላይ ሆኖ ጌጡ ለሃምሳው ይታደላል። የሚገርመው እነዚህኑ ማኅበራት በየሰፈራችን በጥሩ ሥርዓት የምናስተዳድር ሰዎች ፥ ትምህርት ቤት ስንገባ ያንን ሁሉ ዕውቀት በር ላይ ጥለን መግባታችን ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. በትምህርት ቤቱም በመሥሪያ ቤቱም የተስፋፋው «አንድ ለአምስት» የሚባለው አደረጃጀትም ስብሰባውንና ቃለ ጉባኤውን አበዛ እንጂ ፥ በማውቃቸው ክፍሎች ማን ምን ሠራ የሚለውን ጥያቄ አልመለሰም።

አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲነሣ «በሥራ ዓለምም ሰነፍ አይጠፋም ፤ ተማሪዎቹ ከአሁኑ ይልመዱት» ይላሉ። ኮሚቴ ተቋቁሞ አንዱ ጽፎ ስድስቱ የሚፈርሙበትን ሪፖርት ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሌለ አባባሉ የሚያሥቅ እውነት አለው። ነገር ግን በመሥሪያ ቤት አለቃ አለ ፥ ደመወዝ አለ ፥ የሥራ መዘርዝር አለ። በተማሪዎቹ መካከል ከነዚህ አንዱም የለም። ደግሞስ ያ የኮሚቴ ልማድ ከየት የተማርነው ነው?

ለኮሌጅ መምህራንም ሚዛናዊ መሆን ይገባል። አንድ መምህር ሰማንያ ተማሪ ተሰጥቶት ሰማንያ ጽሑፍ ሊያርም አይችልም ፤ ስምንት ስምንት ቢያደርጋቸው ግን የሚያርመው አሥር ብቻ ይሆናል። የቡድን ሥራ እንዲህ የበዛው ከትምህርት ዘዴ ይልቅ ከዚህ ችግር የተነሣ ይመስለኛል። እኔም በማስተምርበት ክፍል ይህን ችግር አውቀዋለሁ።

ልጅ ሆኜ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት መዝሙር በአራት ድምፅ እንዘምር ነበር። የመዘምራኑ አስተማሪ ስንዘምር ቆይተው በድንገት እጃቸውን ያነሡና ከየድምፁ አንድ አንድ ልጅ ጠርተው አራቱን ብቻ ያዘምራሉ። ማን እንደሚጠራ ስለማይታወቅ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ልጅ አልነበረም። ይህ ብልሃት ለኮሌጅም ይሠራል። መምህሩ ሥራውን ሲሰጥ እንደ ጎንደሩ የየሰዉን ድርሻ ለይቶ ይስጥ ፤ በየክፍሉ ራስ ላይ የጻፈው ሰው ስም ይኑር ፤ ልምድ ያለው መምህር በአማርኛ የጻፈው በአማርኛ ይያያዝ። ቡድኑም ከአራት ወይም ከአምስት ሰው አይብለጥ። ቁጥሩ ሲያንስ የሚታረመው ወረቀት ቢበዛም ፥ በረጅሙ ጽሑፍ ፈንታ አምስት ገጽ ቢጠየቅ ድካሙ ይካካሳል። ማስረከቢያው ቀን ሲደርስም ከየቡድኑ አንድ ሰው በዕጣ ተጠርቶ ስለ ሥራው በሙሉ ፥ ሌሎች ስለ ጻፉትም ጭምር ፥ ይጠየቅና የውጤቱ ግማሽ በመልሱ ይወሰን። ያን ጊዜ ጸሐፊው ላልመጣው ጓደኛው የማስረዳት ፥ ያልመጣውም መጥቶ የመስማት ግዴታ ይኖርባቸዋል ፤ ስም ሰራዥ ተብሎ የሚታማም አይኖርም።

ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል የሚል መምህር ቢኖር ፥ ሰማንያ ተማሪ አራት አራት ቢሆን ሃያ ቡድን ነው ፤ ለያንዳንዱ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ በጠቅላላው አንድ መቶ ደቂቃ ፥ ማለት ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር